ለዚያ ሰውዬ ንገረው

በቀለች ባሏን ካኮረፈች ዓመት ከመንፈቅ አለፋት። ኩርፊያ ሲባል የዋዛ ኩርፊያ እንዳይመስላችሁ። ምሳ ታቀርባለች፣ ሸሚዝ ትተኩሳለች፣ ጉንፋን ሲይዘው ዳማከሴ ጨምቃ ከራስጌው ታኖርለታለች፤ ቃል ግን አትሰጠውም። የግድ የሚነገር ነገር ሲኖር ሳሎን ወዳለው የመስታወት ገንዳ ዞር ትልና ውሃው ውስጥ ለሚኖረው ፍጡር ትነግረዋለች።

«ጎፈሬ ሆይ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው፤ ምሳ ቀርቧል።»

ያ ሰውዬ፣ ማለትም ባሏ ኃይለመስቀል፣ ከጎፈሬ ሁለት ክንድ ርቆ ተቀምጧል። ጆሮውም ደህና ነው። ጎፈሬ በበኩሉ እንኳን መልእክት ሊያደርስ ድምፅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ቢሆንም ኃይለመስቀል ጉሮሮውን ጠራርጎ ይነሳና እጁን ሊታጠብ ይሄዳል። እሱ ግን አንድም ቀን በጎፈሬ በኩል መልስ ልኮ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ በድሬሰርነት ያገለገለ፣ ስንቱን ቁስል አጥቦ ያሰረ፣ በክብር ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከገንዳ ጋር ማውራት የሚያዋርደው መሰለው። ለመልስ ያህል ይስል ነበር።

ጎፈሬ ዓሣ ነው እንዳይባል አራት እግር አለው፤ እንሽላሊት ነው እንዳይባል ከውሃ አይወጣም። ቆዳው እንደ ሕፃን ተረከዝ ቀላ ያለ ነጭ ነው፤ አፉ ሁልጊዜ ፈገግ እንዳለ ነው፤ ከራሱ ግራና ቀኝ ደግሞ ላባ የሚመስሉ ቀያይ ስንጥቦች ተንጨፍረው ቆመዋል። ውሃ ውስጥ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው፤ ስሙንም ያገኘው በእነሱ ነው። ትክክለኛ ስሙ አክሶሎትል ይባላል፤ አሰላ ውስጥ ይህን ስም ሳይደናቀፍ የሚጠራው ግን ልጃቸው በዛብህ ብቻ ነበር። በዛብህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ፣ ባዮሎጂ የሚያስተምራቸው ምሥራቅ ጀርመናዊ ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ገንዳውንም ጎፈሬንም ከነዕቃው ለሚወደው ተማሪ ትቶለት ሄደ። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ሰውን ቢያማርርም ለጎፈሬ ተስማማው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚወደው። በዛብህ ታናሽ ወንድም የተወለደለት ያህል ደስ አለው። እናቱ ግን አማተበች። ልጁ ጥሬ ሥጋ እየቆራረጠ ሲያጎርሰው ባየች ቁጥር «ፍልሰታን እንኳ የማይጾም አውሬ ቤቴ ገባ!» ትል ነበር።

ኩርፊያውን ያመጣው ብሔራዊ ውትድርና ነው። የበዛብህ ስም ሲወጣ በቀለች ስንቅ ቋጥራ ጎበሳ ወዳለችው እህቷ ላከችው፤ እዚያ ተደብቆ ስንዴ ሲያርም ከረመ። ኃይለመስቀል እንቅልፍ አጣ። ተደብቆ የተያዘ ልጅ በቀጥታ ወደ ግንባር እንደሚላክ ሰምቷል። በገዛ ፈቃዱ የቀረበ ግን፣ አንድ የሚያውቀው ሹም እንደነገረው፣ የሕክምና ክፍል ይመደባል፤ ያውም እዚሁ ቅርብ። ሹሙ ይህን ሲናገር ምሎ ነበር። ኃይለመስቀልም አመነ፤ ጎበሳ ድረስ ሄዶ ልጁን በገዛ እጁ ይዞት መጣ። ልጁ ወደ ሰሜን ተላከ። ሹሙማ እንኳን መሐላውን የኃይለመስቀልን ስም ረሳው።

«ለደግ ብዬ ነው» አለ ኃይለመስቀል ያን ቀን። በቀለች አልመለሰችለትም። ከዚያ ወዲህም አልመለሰችለትም።

በዛብህ የምልምሎቹ መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት የተናገረው ስለ ጎፈሬ ነበር። «አባዬ፣ የገንዳውን ማጣሪያ አደራ። ቡናማ ሲሆን ቆሸሸ ብለህ እንዳታጥበው። ያ ቆሻሻ ደግ ቆሻሻ ነው፤ ውሃውን የሚያነጻው እሱ ነው። ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ብቻ ለቅለቅ አድርገው።» ዕድሜውን ቆሻሻ በአልኮል ሲያሳድድ ለኖረ ድሬሰር ደግ ቆሻሻ የሚባል ነገር ግራ ነው። አደራ ግን አደራ ነው። ልጁን ማስመለስ አይችልም፤ ጎፈሬን በሕይወት አቆይቶ ማስረከብ ግን ይችላል። ይህንንም ካልቻለ ነገ በበዛብህ ፊት፣ ዛሬ በበቀለች ፊት፣ ምን ይዞ ይቆማል?

ጣጣው የመጣው በክረምት ነው። ጀርመኑ የተወው ማጣሪያ ሁለት ነበር። አንዷ ትንሽ ናት፤ አየር እየነፋች ውሃውን በስፖንጅ ውስጥ ቀስ አድርጋ የምታሳልፍ። በዛብህ የሚጠቀመው በእሷ ነበር። ሌላው ከካርቶኑ ወጥቶ የማያውቅ ትልቅ ሞተር ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ጮኸ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ትንሿ ማጣሪያ ጭስ አወጣችና ዝም አለች። ኃይለመስቀል ትልቁን አወጣ። «ትልቅ ይሻላል» አለ ለራሱ። የእኛ ሰው ነገር፤ ዕቃ ከተለቀ የተሻለ ይመስለዋል።

ሞተሩ እንደ ወፍጮ ያጓራ ጀመር። ውሃው በአንድ ቀን ጠበል መስሎ ጠራ። ጎፈሬ ግን ጥግ ይዞ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ስንጥቦቹ በግፊቱ ወደ ፊት ተጎነበሱ፣ የጅራቱ ጫፍ እንደ መንጠቆ ተቆለመመ፤ የቀረበለትን ትልማ ዞር ብሎም አላየው። ኃይለመስቀል የሞተሩን ኃይል ዝቅ አደረገ፤ ለውጥ የለም። የሞተሩን አፍ ወደ ገንዳው ግድግዳ አዞረው፤ ውሃው ግድግዳውን መትቶ ጎፈሬ ላይ ተመለሰ። በቀለች ይህን ሁሉ ከጓዳ ስታይ ሰንብታ አንድ ቀን ገንዳው ፊት መጥታ ቆመች።

«ጎፈሬ ሆይ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው። እኔ የኩሬ ፍጡር ነኝ፣ ጎርፍ ውስጥ አትማግደኝ በለው። መማገድ ልማዱ ነው በለው።»

ኃይለመስቀል ተነስቶ ሞተሩን ነቀለ።

ያለ ማጣሪያ ደግሞ አልሆነም። በጣሳ እየቀዳ ቢቀይርም ውሃው ሳምንት ሳይሞላው ደፈረሰ፣ ሸተተ፤ እነዚያ ቀያይ ስንጥቦች ገረጡ። ግፊቱ ሲበዛ ይጨነቃል፣ ሲጠፋ ይመረዛል። መካከለኛውን ከየት ያምጣው? ይህንን ሲያብሰለስል፣ አንድ እሑድ የታመመ ወዳጁን ሊጠይቅ ሆስፒታል ሄደና ወዳጁን ትቶ ከአልጋው በላይ የተሰቀለውን ጉሉኮስ ሲያይ ቆየ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ያንን ጠብታ ስንቴ በገዛ ጣቱ አስተካክሎታል! ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር ወደ ታች ቢያንከባልላት ይቀንሳል፣ ወደ ላይ ቢያንከባልላት ይፈጥናል። ለታመመ ሰው የሚሰጠው በጠብታ እንጂ በባልዲ አይደለም። ይህን ያህል ዘመን ሠርቶበት ትዝ ያለው አሁን ነው።

«ብርቄ ልጄ» አላት ተረኛዋን ነርስ፣ «ልትጥሉት ያሰባችሁት የጉሉኮስ ቱቦ ካለ ብትሰጪኝ?»

«ምነው ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ሰው ታመመብዎት እንዴ?»

«ሰው እንኳ አይደለም። ጎፈሬ ነው።»

ብርቄ ከበዛብህ ጋር ነው የተማረችው፤ ጎፈሬን ታውቀዋለች። ሳቋን በእጇ ሸፍና ገባችና ቱቦውን ከነመዘውሩ ይዛ ወጣች። «ጠብታውን በደቂቃ ስንት ያደርጉለታል?»

«እሱን በሽተኛው ይነግረኛል» አላት።

ከገንዳው በላይ መደርደሪያ መታ፤ መደርደሪያው ላይ ሥሩ የተበሳ የፕላስቲክ ባልዲ አስቀመጠ። ባልዲው ውስጥ፣ ከሥሩ፣ ከበዛብህ አሮጌ ጋቢ የተቀደደ ቁራጭ አነጠፈ፤ በላዩ የታጠበ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ የደቀቀ ከሰል፣ ከዚያ ጠጠር። ቱቦውን ከቀዳዳው ጋር አያያዘው። ከገንዳው በጣሳ የተቀዳው ውሃ ባልዲው ውስጥ ይፈስሳል፤ ጠጠሩን፣ ከሰሉን፣ አሸዋውንና ጨርቁን አልፎ በቱቦው ጠብ እያለ ወደ ገንዳው ይመለሳል።

ማስተካከሉ ግን ትዕግሥት ፈጀ። መጀመሪያ አበዛውና ቱቦው እንደ ቧንቧ ፈሰሰ፤ ጎፈሬ ጅራቱን ቆለመመ። ቀነሰው፤ አሁን ደግሞ ጠብታው አዘገመና ውሃው አልጠራ አለ። ጠብታው ከላይ ሲያርፍ ጎፈሬን እንደሚያስደነግጠው ሲያይ የቱቦውን ጫፍ ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ ውሃው እየተንሸራተተ እንዲወርድ አደረገ፤ ከሥሩም የገንቦ ስባሪ አቁሞ የሚወርደውን እንዲበትነው አመቻቸ። እንዲህ እያለ፣ የጅራቱን ጫፍ እያየ፣ መዘውሯን አንድ ጥፍር ወደ ላይ አንድ ጥፍር ወደ ታች ሲል ሰነበተ። አንድ ጠዋት ቢያይ ጎፈሬ ከጥጉ ወጥቶ፣ ጅራቱን ዘርግቶ፣ ስንጥቦቹን አጎፍሮ፣ ስባሪው ሥር ተንደላቆ ተኝቷል። ትል ቢሰጠው ላፍ አደረገው። ኃይለመስቀል የሚነግረው ሰው ፍለጋ ዞር አለ። በቀለች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ጎፈሬ ሆይ» አለች ቀስ ብላ፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገረው። ጅራቱ ተቃንቷል በለው።»

ሌላ ሰው ይህንን ከምስጋና ላይቆጥረው ይችላል። ኃይለመስቀል ግን ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ።

ባልዲው ጠዋትና ማታ ከገንዳው እየተቀዳ መሞላት ነበረበት። አንድ ቀን ኃይለመስቀል ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ሞልቶ አገኘው። ሌላ ቀንም እንዲሁ። በቀለች እሱ በማያይበት ሰዓት ትሞላው ነበር። አልተነጋገሩበትም። ግን አንዱ የጀመረውን ሌላው ሲጨርሰው፣ ያ ቤት ባልና ሚስት የሚኖሩበት ቤት መምሰል ጀመረ፤ ኃይለመስቀልም እንቅልፍ እየወሰደው መጣ። የልጁን አደራ፣ ያንን የደግ ቆሻሻ ነገር ግን ለሚስቱ አልነገራትም። በየት በኩል ይንገራት? ፊት ለፊት መነጋገር ቀርቷል፤ በጎፈሬ በኩል እንዳይልክ ኩራቱ አልፈቀደም። አንድ ሁለቴ አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝምታም የሚነቅዝበት ጊዜ አለ።

ጳጉሜ ሲገባ አሰላ ልብሷን ታጥባለች። በቀበሌው ሱቅ ሳሙና ከጠፋ ሰንብቷልና በቀለች እንዶድ ወቀጠች። ነጠላዋን አጠበች፣ የባሏን ጋቢ አጠበች፣ አንሶላውን አጠበች። የበዛብህንም ጋቢ ከሳጥን አወጣችው፤ የሚለብሰው ባይኖር እንኳ ዓመቱ ሳይታጠብ እንዳይለወጥበት ብላ። በመጨረሻ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ዓይኗ ባልዲው ላይ አረፈ። ከሥሩ ያለው ቁራጭም የልጇ ጋቢ ነው፤ እሱ ግን አተላ መስሎ ያሟልጫል። አንጀቷ አልቻለም። ጠጠሩን፣ ከሰሉንና አሸዋውን ገልብጣ ቁራጩን አወጣችው፣ ነጭ እስኪሆን በእንዶድ አሸችው፣ አሸዋውንም በዚያው ውሃ አጥባ እንደነበረ መልሳ ደለደለችው። ከገንዳው ቀድታ ባልዲውን ሞላች። ኃይለመስቀል ይህን ሁሉ ያወቀው ኋላ ነው፤ ያን ሰዓት ዶሮ ሊገዛ ገበያ ወጥቶ ነበር።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ትል ቆፍሮ ወደ ገንዳው ሲመጣ ውሃው ላይ ነጭ አረፋ ተንሳፍፏል። ጎፈሬ በጎኑ ወድቆ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ስንጥቦቹ ጫፋቸው ተቃጥሎ ተጨማደዋል። ኃይለመስቀል አረፋውን በጣቱ ነክቶ አሸተተው። እንዶድ ነው። በልጅነቱ ሲሬ ሳለ፣ አልቅት ለማጥፋት ኩሬ ውስጥ እንዶድ ሲጨመር እንቁራሪቱ ሁሉ ሆዱን ሰቅሎ ሲንሳፈፍ አይቷል።

ዞር ሲል በቀለች ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ከኋላው ቆማለች። ገንዳውን አየች፣ አረፋውን አየች። ማንም ሳይነግራት ገባት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እንግዲህ ኃይለመስቀል ያን ጊዜ የሚናገረው አላጣም። ዓመት ከመንፈቅ የተገረፈበትን ጅራፍ ከመሬት አንስቶ ባለቤቱን መግረፍ ይችል ነበር። ፊቷን ሲያይ ግን ያ ሐሳብ ከየትም አልመጣለትም። ያንን ፊት ያውቀዋል፤ ልጁ ወደ ሰሜን መላኩን በሰማ ቀን የራሱ ፊት እንደዚያ ነበር።

«የዝናብ ውሃ!» ብሎ ጮኸ፣ ለማን እንደሚጮኽ ሳያስብ። የእነሱ በርሜል ውስጥ ልብስ ተለቅልቆበታል፤ የቧንቧ ውሃ ደግሞ መድኃኒቱ እስኪለቀው ማደር አለበት። በቀለች ነጠላዋን ጥላ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሰኪና ሮጠች።

«ማል ታቴ በቀለች? ምን ሆንሽ? በዓመት በዓል ሰው ሞተ እንዴ?»

«ከበርሜልሽ ውሃ ስጪኝ ሰኪና። የበዛብህ... የበዛብህ ነገር ሊሞትብኝ ነው።»

ሰኪና የበዛብህን ስም ስትሰማ ሌላ አልጠየቀችም። ሁለት ባልዲ ቀድታ አንዱን ራሷ ተሸክማ ተከተለቻት። ገንዳው ውስጥ ያለውን ስታይ «ያ ረቢ! ይኼን ነው እንዴ?» አለች፤ ግን ተመልሳ ሌላ ባልዲ አመጣች። «ጋሼ፣ ካነሰዎት በርሜሉ አላለቀም» ብላ አስቀምጣ ወጣች።

ኃይለመስቀል ጎፈሬን በመዳፉ አንስቶ የዝናብ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ አስገባው። ውሃውን ደፋ፣ ሌላ አደረገ፤ ደግሞ ደፋ። አሸዋውንና ጨርቁን አውጥቶ ጣላቸው፤ ቱቦውን አጥቦ አጥቦ ንጹሕ ውሃ ከያዘ ባልዲ ጋር አያያዘውና ጫፉን ሳፋው ጠርዝ ላይ አጋደመው። ቱቦው ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ ማለት ነው፤ በሽተኛ አጠገብ ተሰቅሎ ጠብ ይል ጀመር። ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው ደጁ ላይ ዘፈኑ፤ የሚከፍትላቸው ሲያጡ ወደ ሰኪና በር ሄዱ። ዶሮው እግሩን እንደታሰረ ጓዳ ውስጥ ቀረ።

ሁለቱ ከሳፋው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ጎፈሬ አሁንም በጎኑ ነው። በቀለች ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ እንባዋ መጣ።

«ጎፈሬ ሆይ» አለች፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገረው። በዓል ነው ብዬ ነው በለው። የልጄ ነገር ነጭ ይሁን ብዬ ነው። ለደግ ብዬ ነው በለው።»

ያ ቃል የማን እንደነበር ለሁለቱም ትዝ አላቸው።

ኃይለመስቀል ሳሉ መጣበትና መለሰው። ሽማግሌው ድሬሰር ተንበረከከ፤ ፊቱን ወደ ሳፋው ዝቅ አደረገ።

«ጎፈሬ» አለ። «ጎፈሬ፣ ለእሷ ንገራት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም በላት። ጨርቁ እንዳይታጠብ በዛብህ ነግሮኝ ነበር። እያወቅሁ አልነገርኳትም። ከአንተ ጋር ማውራት አፍሬ ነው በላት። ደግሞም... ያንን ልጅ ከጎበሳ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሹሙ ሲምልልኝ አምኜው...»

«ኃይሌ።»

ቀና አለ። በቀለች የምታየው እሱን ነው።

«ኃይሌ፣ እኔ እዚሁ አለሁ። ለእኔው ንገረኝ።»

ነገራት። ከጎበሳ ሲመለሱ ልጁ በመኪናው ውስጥ ትከሻው ላይ ራሱን ጥሎ እንደተኛ ነገራት። ሹሙን ፍለጋ ቢሮ ቢሮ ሲዞር ዘበኛ እንዴት እንደገፈተረው ነገራት፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አውርቶት አያውቅም። ሲናገር አለቀሰ። በቀለች ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም። ጥላው የሄደችውን ነጠላ አነሳችና በጫፉ የራሷን ፊት ጠረገች፤ ከዚያ ያንኑ ጫፍ ለእሱ ሰጠችው።

«የአንተም የእኔም ደግነት እንዶድ ሆነ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ጎፈሬ አንድ እግሩን አንቀሳቀሰ። ጥቂት ቆይቶ ገልበጥ አለና በሆዱ ተኛ። ስንጥቦቹ አጥረዋል፤ እንደ በፊቱ አልጎፈሩም።

«ስንጥቡ አለቀ እኮ» አለች በቀለች። «ሲመጣ ምን እንለዋለን?»

«እግሩ ቢቆረጥ እንኳ መልሶ ያበቅላል ይለን አልነበር? ይበቅልለታል።» ኃይለመስቀል ይህን ተናግሮ ሲጨርስ ነው «ሲመጣ» ማለቷ የተሰማው። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ይህች ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ተነግራ አታውቅም ነበር።

«ጠብታው በዝቷል» አለች በቀለች። «ቀንስለት።»

«አልበዛም።»

«በዝቷል አልኩህ ኃይሌ። ጅራቱን እየው።»

ጅራቱን አየ። እውነቷን ነው፤ ጫፉ ቆልመም ብሏል። መዘውሯን አንድ ጥፍር ወደ ታች አንከባለላትና እንደገና አብረው ያዩት ጀመር።